በጥቂት ገንዘብ ሆሳዕናን መጐብኘት፤ ስለ መስቀል ሰሞን ጕዞ በሀዲያና በከምባታ ከተሞች

መግቢያ

መስከረም በጠባ ቍጥር ከአዲስ አበባና ከሌሎችም ትልልቅ ከተሞች ወደ ደቡብ የሚወርደው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው። ጉራጌው፣ ሀዲያው፣ ከምባታው፣ ወላይታው ዓመቱን ሙሉ የትም ሲሠራ ቢከርም መስቀልን በተወለደበት ቀዬ ለማክበር ይነሣል። ከነዚህም መንገደኞች ብዙዎቹ የሚያመሩት ወደ ሆሳዕና ነው። ከዚያም ወደ አንጋጫ፣ ወደ ዶዮገና፣ ወደ ዱራሜ፣ ወደ ሺንሺቾና ወደ ሌሎችም የሀዲያና የከምባታ ከተሞች ይበተናሉ። ከተወላጆቹም ጋር ጓደኛ ጋብዟቸው ወይም አገር ለማየት ፈልገው የሚጓዙ እንግዶች በየዓመቱ አሉ፤ ከነዚህም መካከል ተማሪዎች ይገኙባቸዋል።

የተማሪ ኪስ ምን ያህል እንደሚይዝ ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ማስረዳት አያስፈልግም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፤ ጥቂት ገንዘብ ያለው ሰው በዚያ አገር በዚያ ሰሞን ደስ ብሎት ሊሰነብት የሚችለው በምን መንገድ ነው? መልሱን ስንፈልግ የምንደርስበት ነገር ከማደሪያና ከመሳፈሪያ ሒሳብ ያለፈ ሆኖ እናገኘዋለን። ምክንያቱም በዓሉ ራሱ የጥቂት ገንዘብ ሥራ ነው። የሀዲያና የከምባታ ገበሬ በመስከረም የሚያወጣውን ወጪ በመስከረም ገቢው አይችለውም፤ የሚችለው ዓመቱን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ ስለሚያስቀምጥ ነው። እንግዳውም ይህንኑ ሥርዓት ቢከተል ያለ ችግር ይሄዳል፤ ካልተከተለ ግን ራሱ ይቸገራል፣ ወይም ደግሞ ሳያውቀው የሌላውን ቁጠባ ይበላል።

1. ስለ ስፍራው

ሆሳዕና ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ በዓለም ገና፣ በቡታጅራና በወራቤ በኩል በሚወስደው የአስፋልት መንገድ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። የቀድሞ ስሟ ዋቸሞ ነው። አሁን የምትጠራበትን ስም ያገኘችው ከሆሳዕና በዓል ሲሆን፣ ስሙን ያወጡላት የአገሩ ገዥ የነበሩት ራስ አባተ ቧያለው እንደ ሆኑ ይነገራል። የጥንቱ ስም ግን አልጠፋም፤ በከተማይቱ የሚገኘው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ይዞት ይኖራል። ሆሳዕና የሀዲያ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም የክልሉ መቀመጫ ሆናለች። ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ተጓዥ ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ ሳይዝ መሄድ የለበትም።

የከምባታ ዋና ከተማ ዱራሜ ነች። ዱራሜ በሐምበሪቾ ተራራ አጠገብ የተቈረቈረች ከተማ ስትሆን ሁለት በር አላት፤ አንደኛው ከሆሳዕና በአንጋጫ በኩል የሚመጣው መንገድ ነው፤ ሁለተኛው በሐላባ ቁሊቶ በኩል ከሻሸመኔ መንገድ ጋር የሚያገናኛት ነው። ይህንን ማወቅ ለተጓዡ ይጠቅመዋል። በአንዱ በር ገብቶ በሌላው ቢወጣ የሄደበትን መንገድ ሳይደግም ሰፊ አገር ያያልና።

የሀዲያ ቋንቋና የከምባታ ቋንቋ ሁለቱም ከሲዳምኛና ከጌዴኦኛ ጋር ከደጋው ምሥራቅ ኩሽ ቋንቋዎች ወገን የሚቈጠሩ ናቸው። በሁለቱም ዘንድ «ጡማ» የሚለው ቃል ደኅንነትን፣ ሰላምን፣ መልካምነትን ያመለክታል። ይህን አንድ ቃል ብቻ ይዞ የሚሄድ እንግዳ እንኳ ሰላምታውን በፈገግታ የሚቀበለው አያጣም።

2. በመስቀል ሰሞን ዋጋ የሚወደድበት ምክንያት

ብዙ ሰዎች በመስቀል ሰሞን የሚጨምረውን ዋጋ የነጋዴና የሾፌር ስግብግብነት ብቻ ያመጣው ነው ይላሉ። ስግብግብነት የለም አንልም፤ ዳሩ ግን ከዚህ የጠለቀ ምክንያት አለ።

የመጓጓዣን ነገር እንመልከት። ከመስቀል በፊት ባሉት ቀናት ሕዝቡ ሁሉ የሚሄደው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። አውቶቡሱ ከአዲስ አበባ ሞልቶ ይወጣል፤ ከሆሳዕና ሲመለስ ግን ወንበሩ ባዶ ነው። ባለ መኪናው የባዶውን መንገድ ነዳጅ በሚሄደው መንገደኛ ላይ ሊጭን ይፈልጋል። ታሪፉን የሚወስነው መንግሥት ስለሆነ ይህን በሕግ ማድረግ አይችልም፤ ነገር ግን በጨለማ፣ ከመናኸሪያው ውጭ፣ መንገደኛው በተጨነቀበት ሰዓት ከታሪፍ በላይ የሚጠይቅ ረዳት አይጠፋም። ከበዓሉ በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው ይበዛል፤ መኪኖቹም ተመላሹን ለማምጣት ወደ ሆሳዕና የሚወርዱት ግማሽ ባዶ ሆነው ነው።

ከዚህ የሚከተለው ትምህርት ግልጽ ነው። ተወላጁ የግድ ለዋዜማው መድረስ አለበት፤ ስለዚህ ከሳምንት በፊት ቢነሣ ይሻለዋል። እንግዳው ግን የግድ በዋዜማው መድረስ የለበትም። በሀዲያና በከምባታ የመስቀል በዓል በአንድ ቀን አያልቅም፤ መጠያየቁ፣ መጋበዙ፣ የጐረምሶችና የልጃገረዶች ጨዋታ ከመስከረም 17 በኋላ ለብዙ ቀናት ይቀጥላል። ስለዚህ ከበዓሉ ሁለት ሦስት ቀን በኋላ ከአዲስ አበባ የሚነሣ እንግዳ መቀመጫ በታሪፉ ያገኛል፣ በዓሉንም ይደርስበታል፤ ቤተሰቡም ከመጀመሪያው ቀን ግርግር ስላረፈ በተሻለ ሁኔታ ይቀበለዋል።

ይህ ጠባይ የኛ አገር ብቻ አይደለም። በግሪክ አገር በኤጅያን ባሕር ውስጥ ያሉት ደሴቶች በዓለም የታወቁ የሽርሽር ስፍራዎች ናቸው። በአውሮፓ አቈጣጠር ነሐሴ 15 ቀን የእመቤታችን የዕርገት በዓል በሚከበርበት ጊዜ በአቴና የሚኖረው የደሴት ተወላጅ ሁሉ ወደ ቀዬው ይመለሳል፤ በተለይም በቲኖስ ደሴት ወደሚገኘው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ብዙ ምእመናን ይሳለማሉ። በዚያን ሰሞን የመርከብ ቦታና የማደሪያ ክፍል ማግኘት አስቸጋሪ ይሆናል። ጥቂት ሳምንት ቈይቶ በመስከረም የሚሄድ ሰው ግን ያንኑ ባሕርና ያንኑ ደሴት በረከሰ ዋጋ ያያል። የቲኖስም ሆነ የሆሳዕና ዋጋ የሚወደደው አገሩ ውድ ስለሆነ ሳይሆን ሁሉም ሰው በአንድ ቀን ስለሚመጣ ነው።

ከመጓጓዣው በቀር የቅቤ፣ የሥጋ ከብትና የቡላ ዋጋም በመስከረም ከፍ ይላል። ምክንያቱም ተመሳሳይ ነው፤ ፈላጊው ሁሉ በአንድ ሳምንት ገበያ ይወጣል። የአገሩ ሕዝብ ይህን ከጥንት ጀምሮ ስለሚያውቅ የራሱን መድኃኒት አበጅቶለታል። እሱም ቀጥለን የምንመለከተው ነው።

3. ቱታና ዊጆ፤ የበዓሉ ቁጠባ

የሀዲያ ሕዝብ የዘመን መለወጫ በዓሉን ያሆዴ ይለዋል፤ የከምባታ ሕዝብ ደግሞ በዓሉን መሳላ ይለዋል። ሁለቱም የሚውሉት በመስከረም አጋማሽ ከመስቀል ጋር ነው። ለበዓሉ የሚደረገው ዝግጅት በቤተሰቡ አባሎች መካከል የተከፋፈለ ነው። የእርዱን ከብት ማቅረብ የአባወራው ድርሻ ነው። ቅቤ ማጠራቀም፣ ቆጮና ቡላ ማዘጋጀት የእናቲቱ ነው። ወጣቶች ማገዶ ይፈልጣሉ፤ ልጃገረዶች ቤቱን ያስውባሉ።

አባወራው በሬውን ለብቻው አይገዛም። ጥቂት ጐረቤታሞች ወይም ዘመዳሞች ሆነው በሀዲያ ቱታ የሚባለውን ማኅበር ያቋቁማሉ። እያንዳንዱ አባል ዓመቱን ሙሉ ጥቂት በጥቂቱ ያዋጣል፤ በዓሉ ሲቃረብ በተጠራቀመው ገንዘብ በሬ ይገዛል፤ ታርዶም እኩል ይከፋፈላል። በአማርኛ ቅርጫ የምንለው አከፋፈል ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ በከተማ ቅርጫ ገንዘቡ ብዙውን ጊዜ በበዓሉ ሰሞን ሲዋጣ፣ በቱታ ግን ዓመቱን ሙሉ መዋጣቱ ነው።

ሴቶቹ ደግሞ ዊጆ የሚባል የቅቤ ማኅበር አላቸው። አንዲት ሴት ከአንዲት ላም የምታገኘው ቅቤ በአንድ ጊዜ ይህ ነው የሚባል አይደለም። አባሎቹ ግን በየጊዜው የተወሰነ መጠን እያዋጡ ለአንዷ ይሰጣሉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ለሌላይቱ። ተራ የደረሳት ሴት በአንድ ጊዜ በቂ ቅቤ ታገኛለች፤ አንጥራም ለበዓሉ ታስቀምጠዋለች። ከዚህም ቅቤ የሚዘጋጀው የታወቀው የሀዲያ የበዓል ምግብ አተካና ነው። አተካና ቡላ በቅቤና በወተት ተገንፍቶ የሚሠራ፣ በያሆዴ ዋዜማ የሚቀርብ የክብር ምግብ ነው።

ቡላውም ቢሆን የትዕግሥት ፍሬ ነው። የእንሰት ተክል ለምግብ እስኪደርስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ሊፈጅበት ይችላል። ሲደርስ ግንዱ ተፍቆ ይጨመቃል፤ ከጭማቂው ውኃ በታች የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ቡላ ይባላል፤ የተፋቀው ደግሞ በቅጠል በተለበጠ ጕድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ሲብላላ ቆጮ ይሆናል። ከአንድ ሙሉ ተክል የሚገኘው ቡላ ጥቂት ስለሆነ ለእንግዳ ቡላ ማቅረብ ትልቅ አክብሮት ነው።

እነዚህን ሥርዓቶች የኢኮኖሚ ተማሪ በዐይኑ ሲመረምራቸው አንድ ብልሃት ያገኝባቸዋል። ብዙው ቁጠባ በገንዘብ መልክ አይቀመጥም። ገንዘብ በሣጥን ሲቀመጥ የሸቀጥ ዋጋ በናረ መጠን ዋጋው ይቀንሳል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ይህን ያላስተዋለ የከተማ ሰው የለም። ቅቤ ግን በርካሽ ጊዜ ተጠራቅሞ በውድ ጊዜ የሚበላ ንብረት ነው፤ እንሰትም በጓሮ ቆሞ እያደገ የሚጠብቅ ቁጠባ ነው። ስለዚህ የመስከረም ዋጋ በገበያ ቢጨምርም የቈጠበችውን እናት አይነካትም፤ የሚነካው ሳይቈጥብ ገበያ የሚወጣውን ነው።

4. ተማሪው ከዚህ ምን ይማራል

በኛ በተማሪዎች ዘንድ የታወቀው የቁጠባ መንገድ ዕቁብ ነው። ዳሩ ግን ለመስቀል ጕዞ ዕቁብ እምብዛም አይመችም። ዕቁብ ለአባሎቹ የሚደርሰው በየተራ ስለሆነ ለአንዱ በጥቅምት፣ ለሌላው በሚያዝያ ይወጣል፤ በጥቅምት የወጣለት ደግሞ ገንዘቡን እስከ መስከረም ሳይነካ አያቈየውም። የሚያስፈልገው እንደ ቱታ ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚከፍቱት ሣጥን ነው። ስድስት ወይም ስምንት ጓደኞች ሆነው ከጥቅምት ጀምረው በየወሩ ጥቂት ብር ቢያስቀምጡ፣ ከስድስት ወር በላይ ያለው ቁጠባ የደርሶ መልስ መሳፈሪያውንና የእጅ መንሻውን ይሸፍናል ብሎ ማሰብ ይቻላል። ገንዘቡም በሁለት ሰው ፈርማ በሚወጣበት የባንክ ሒሳብ ቢቀመጥ ጭቅጭቅ አይነሣም።

ከቱታው ሁለተኛውን ብልሃት መውሰድም ይገባል፤ ይኸውም ከገንዘቡ ከፊሉን አስቀድሞ ወደ ዕቃ መለወጥ ነው። ለአስተናጋጁ ቤተሰብ የሚወሰደው ቡና፣ ስኳር ወይም የልጆች ደብተርና እርሳስ በጳጉሜን ከሚገዛ በበጋው ቢገዛ ይረክሳል፤ ሳይበላሽም ይቈያል።

በዚህ ጽሑፍ የመሳፈሪያና የአልጋ ዋጋ በብር አልተጻፈም። ምክንያቱ የነዳጅ ዋጋ በተለወጠ ቍጥር ታሪፉ ስለሚለወጥ ነው፤ ዛሬ የሚጻፍ ቍጥር ለከርሞ አንባቢ አሳሳች ይሆናል። ይልቁንስ ተጓዡ የገንዘቡን አከፋፈል አስቀድሞ ይወስን። የመሳፈሪያውን ደርሶ መልስ በመጀመሪያ ያስቀምጥ፤ የመመለሻውንም በሌላ ኪስ ለይቶ አይንካው። ቀጥሎ ለእጅ መንሻ የሚሆነውን ያውጣ። ከዚያ የማደሪያውን፣ በመጨረሻም የምግቡንና የልዩ ልዩ ወጪውን ይመድብ። ቅደም ተከተሉን የሚገለብጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በመመለሻው ቀን ብድር ይጠይቃል።

5. ስለ መሳፈር፣ ስለ ማደርና ስለ መብላት

መሳፈሪያ። ከመናኸሪያ ውስጥ በማለዳ መሳፈር ከሁሉም ይረክሳል፤ ታሪፉ በዚያ ተለጥፎ ይገኛል፣ የሚጨምር ረዳት ቢኖርም አቤት የሚባልለት ተቈጣጣሪ ቅርብ ነው። ትልቁ አውቶቡስ ዘገምተኛ ቢሆንም ከሚኒባስ ይልቅ ለኪስ ይመቻል። ከሆሳዕና ወደ ትንንሾቹ ከተሞች ቅጥቅጥና ሚኒባስ ይሄዳሉ፤ በከተማ ውስጥ ባጃጅ አለ። ባጃጅ ለብቻ ከመኰናተር ይልቅ ከሌሎች ጋር በሰው ሒሳብ መሳፈር ወጪውን በእጅጉ ይቀንሳል። ማምሻውን መንገድ መጀመር ግን አይመከርም፤ ለደኅንነትም አይበጅም፣ አምሽቶ የደረሰም ሰው በአልጋ ዋጋ ለመከራከር ጊዜ የለውም።

ማደሪያ። በሆሳዕና ከትልልቁ ሆቴል እስከ ትንሹ አልጋ ቤት ይገኛል። መታጠቢያው የጋራ የሆነ ክፍል የራሱ መታጠቢያ ካለው በጣም ይረክሳል። ከተማይቱ የክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ የመንግሥት ስብሰባ ስለሚበዛባት፣ በስብሰባ ሰሞን ክፍል ሊጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ ስልክ ደውሎ አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። ዱራሜን፣ አንጋጫንና ዶዮገናን ሆሳዕና እያደሩ ከመመላለስ ይልቅ በዚያው አንድ ሌሊት ማደር መሳፈሪያውን ያተርፋል።

ምግብ። ውዱ ምግብ ክትፎና ጥሬ ሥጋ ነው። ርካሹና የአገሩን ጣዕም በይበልጥ የሚያሳውቀው ግን ቆጮ በጎመንና በአይብ ነው። አሚቾ፣ ማለትም የተቀቀለው የእንሰት ሥር፣ በገጠር ቤት ቢቀርብ እንደ ድንች ይበላል፤ ያጠግባልም። የከምባታ ምድር አቮካዶና ልዩ ልዩ ፍራፍሬ ይበቅልበታል፤ ሐደሮና አካባቢዋ በዝንጅብል የታወቁ ናቸው። በገበያ ቀን ከገበሬው እጅ በቀጥታ የሚገዛ ፍሬ ለመንገድ ስንቅ ይሆናል። የየከተማው የገበያ ቀን የተለያየ ስለሆነ ሲደርሱ መጠየቅና የጕዞውን ቀን ከገበያው ጋር ማስማማት ይገባል።

6. በጥቂት ወጪ የሚታዩ ነገሮች

ከአዲስ አበባ ሲነሡ፣ በቡታጅራ መንገድ ላይ የጢያ ትክል ድንጋዮች አሉ። ቍጥራቸው 36 ሲሆን ብዙዎቹ የሰይፍና የሌላም ምልክት ተቀርጾባቸዋል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1980 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ተመዝግበዋል። የሆሳዕና መንገደኛ ሁሉ በአጠገባቸው ሲያልፍ ወርዶ የሚያያቸው ግን ጥቂት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው የሐምበሪቾ ተራራ ነው። ከፍታው ከ3000 ሜትር ይበልጣል። ለከምባታ ሕዝብ ሐምበሪቾ የትውልዱ መነሻ ተብሎ የሚነገርለትና በጥንት ዘመን እንደ ቅዱስ ስፍራ የሚከበር ተራራ ነው። በቅርብ ዓመታት ወደ ላይ የሚያስወጡ 777 ደረጃዎች ተሠርተውለታል። ለመውጣት የሚያስፈልገው ጕልበትና ውኃ ነው፤ ከላይም ሲታይ የእንሰቱ አረንጓዴ፣ የስንዴው ማሳና የቤቶቹ አሠፋፈር በአንድ ጊዜ ለዐይን ይገለጣሉ። ለጂኦግራፊ ተማሪ ይህ ከብዙ ገጽ ንባብ ይሻለዋል። በመስከረም ዝናቡ ገና ስላላቋረጠ ተራራው ጭጋግ ሊለብስ ይችላል፤ ስለዚህ በጧት መውጣት ይመረጣል።

በዶዮገና ገበሬው ተዳፋት መሬቱን አፈሩ እንዳይታጠብ በእርከንና በሣር እንዴት እንደሚጠብቀው ማየት ይቻላል፤ የዶዮገና በግም የታወቀ ዘር ነው። በሀዲያ ምሥራቅ በሻሾጎ ወረዳ የቦዮ ሐይቅ ይገኛል፤ በብላቴ ወንዝ አጠገብ ያለ ረግረጋማ ስፍራ ስለሆነ ልዩ ልዩ አዕዋፍ ይታዩበታል። ከሆሳዕና ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ እስከ አረካ የሚዘልቅ ሰው ደግሞ የአጆራን ፏፏቴ ያያል፤ በወላይታና በከምባታ ወገን አዋሳኝ ላይ አጃንቾና ሶኬ የሚባሉት ሁለት ወንዞች ጐን ለጐን ወደ ገደል ሲወረወሩ ማየት በክረምቱ ማብቂያ እጅግ ያስደንቃል።

የበዓሉ ግድ የሌለበት ሰው ግን ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር ቢሄድ ይሻለዋል። ዝናቡ ያባራል፣ መንገዱ ይደርቃል፣ አገሩ ገና አረንጓዴ ነው፤ መሳፈሪያውም አልጋውም ወደ ወትሮው ይመለሳል።

7. የእንግዳ ግዴታ

በጥቂት ገንዘብ መጓዝ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው «ዘመድ ቤት ማረፍ» የሚለውን ነው። በእርግጥም በሀዲያና በከምባታ እንግዳ ተቀባይነቱ የታወቀ ነው፤ በመስቀል ሰሞን በር አንኳኩቶ ሳይበላ የሚመለስ የለም። ነገር ግን ነጻ የሆነ ግብዣ የለም። በሳሕኑ ላይ የቀረበው ሥጋ አንድ ሰው በየወሩ ለቱታው ያዋጣው ነው፤ ቅቤውም አንዲት እናት ለልጆቿ ሳትሰጥ ያስቀመጠችው ነው። እንግዳው ያወጣው ገንዘብ ጥቂት ነው ማለት ጕዞው ረክሷል ማለት አይደለም፤ ዋጋውን ሌላ ሰው ከፍሎታል ማለት ነው።

ከዚህም ሌላ አንድ ነገር መታሰብ አለበት። ካለፉት ሃያና ከዚያ በላይ ዓመታት ወዲህ ከሆሳዕናና ከአካባቢዋ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሰደዋል። በከተማው የሚታየው አዲስ ፎቅና በገጠሩ የሚታየው የቆርቆሮ ቤት ብዙው ከዚያ በተላከ ገንዘብ የተሠራ ነው። መንገዱ ግን አደገኛ ነው፤ በመንገድ የቀሩ ብዙ ናቸው፤ ደርሰውም ለዓመታት የአገራቸውን መስቀል ያላዩ አሉ። እንግዳው በሚቀመጥበት ቤት አንድ ባዶ ወንበር ሊኖር ይችላል። እናቲቱ ለእንግዳው ደጋግማ ስታጐርስ በልቧ የምታጐርሰው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። በዚህ ቤት ስለ ገንዘብ መብዛትና ስለ ውጭ አገር ኑሮ ጣፋጭነት ማውራት አይገባም።

ስለዚህ እንግዳው ባዶ እጁን አይሂድ። ስጦታው ትልቅ መሆን የለበትም፤ ቡና፣ ስኳር፣ ዳቦ ይበቃል። የሚወሰደውም በቤተሰቡ እምነት ይመዘን። በሀዲያና በከምባታ ፕሮቴስታንቶች እጅግ ብዙ ናቸው፤ ኦርቶዶክሶች፣ ካቶሊኮችና ሙስሊሞችም አሉ። መጠጥ በማይገባበት ቤት አረቄ ይዞ መግባት ገንዘብ ከማባከንም አልፎ ያስቀይማል። ለሽማግሌዎች ተነሥቶ ሰላምታ መስጠት፣ «አንቱ» ብሎ ማናገር፣ ፎቶግራፍ ከማንሣት በፊት መጠየቅ ምንም ወጪ የለባቸውም። ከአንድ ቤት ሁለት ሌሊት በላይ አለማደርም ጨዋነት ነው፤ ከዚያ በኋላ አልጋ ቤት መከራየት የአስተናጋጁን ሸክም ያቀላል። በዓሉ ሲያልፍ ማገዶ መፍለጥ ወይም ውኃ መቅዳት የሚረዳ የከተማ ተማሪ በዚያ ቤት ስሙ ለብዙ ዘመን በደግ ይነሣል።

በከተማ ለሚማረው ተወላጅ ደግሞ ግዴታው ይከብዳል። እርሱ የሚፈራው መሳፈሪያውን ሳይሆን ባዶ እጅ መግባትን ነው። ስለዚህም «ዘንድሮ ትምህርት ስለ ጀመርን አልመጣም» ብሎ መልእክት የሚልክ አለ፤ እውነተኛው ምክንያት ግን የእናቱ ነጠላ አለመገዛቱ ነው። እንዲህ ያለው ተማሪ ዓመት ዓመት እያለ ከቀዬው ይርቃል፤ ታናናሾቹም ሳያውቁት ያድጋሉ። ለወላጅ ግን የልጁ መምጣት ከነጠላው ይበልጣል። ቢቻል ከላይ እንደ ተናገርነው ከጥቅምት ጀምሮ በጋራ ሣጥን ይቈጥብ፤ ባይቻልም ጥቂቱን ይዞ ይሂድ።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተገለጸውን በአጭሩ ብንሰበስበው፣ የሆሳዕናና የአካባቢዋ የመስቀል ሰሞን ጕዞ ውድ የሚሆነው በሦስት ምክንያት ነው፤ ሁሉም በአንድ ቀን ስለሚጓዝ፣ ወጪው ሁሉ በመስከረም ስለሚጠራቀምና ተጓዡ የጕዞውን ዋጋ በመሳፈሪያ ብቻ ስለሚገምተው። ለመጀመሪያው መድኃኒቱ ከበዓሉ ጥቂት ቀን ቀድሞ ወይም ዘግይቶ መሄድ ነው። ለሁለተኛው መድኃኒቱን ቱታና ዊጆ አስተምረውናል፤ ጥቂት በጥቂቱ፣ በጋራ፣ ከፊሉንም በዕቃ መቈጠብ ነው። ለሦስተኛው ደግሞ የአስተናጋጁን ድካም በሒሳብ ማስገባትና የእጅ መንሻን ከመሳፈሪያ ቀጥሎ መመደብ ነው።

የሚቀጥለው መስቀል ገና ሩቅ ይመስላል። ለቱታ አባሎች ግን የበዓሉ ሥጋ ተበልቶ ሳያልቅ የከርሞው መዋጮ ይጀመራል። በየክፍላችን ያለን ተማሪዎችም ሣጥኑን መክፈት የሚገባን በዚያው ሰሞን ነው።